ማጥበቅና ማላላት

ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር በቀኝ በኩል 49 ሳንቲ ሜትር፣ በግራ በኩል 46። ጋሼ ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና «የግራው ሞላ ተሰብሯል» አሉ። ገና ከመኪናዋ ሥር እንኳ አልገቡም ነበር። ካርቶን አነጠፍኩላቸው፤ ባትሪያቸውን ይዘው በጀርባቸው ተንሸራተው ገቡ። ጥቂት ቆይተው ክንዳቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ የዝገት ቅርፊትና የደረቀ ጭቃ ነበር።

ጭቃውን አወቅሁት። የኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም. ጭቃ ነው።

ያ ዕለት ረቡዕ ነበር። ጅዳ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ደቡብ ወሎ ውስጥ ስድስት ዓመት አማርኛ ካስተማርኩ በኋላ ጠመኔውን አስቀምጬ በቤት ሾፌርነት ቪዛ መጥቻለሁ። ሐጃጁ ወደ ሚና የሚወጣበት ቀን ስለነበር ከተማው ከማለዳው ተነቃንቋል። ሰማዩ ጠቆረ፤ ዘነበ። እኔን የወሎ ክረምት ያሳደገኝ ነኝና ዝናብ አያስደነግጠኝም፤ ጅዳ ግን ዝናብ የምታውቅ ከተማ አይደለችም። በአራት ሰዓት ውስጥ ከ90 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደባት፤ በዓመት ከምታገኘው እጥፍ የሚጠጋ ነው። ከምሥራቅ በኩል፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሚታይባቸው ሸለቆዎች ተነሥተው ወደ ከተማው ወረዱ።

የአሠሪዬን መኪና አስፋልት መሐል ትቼ የእግረኛ ድልድይ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ሆኜ መኪኖች በጎናቸው ሲሄዱ አየሁ። መብራታቸው እንደበራ፣ የመስተዋት መጥረጊያቸው እንደተወዛወዘ ነበር የሚሄዱት። አንድ ሰው በመስኮት ወጥቶ ጣሪያው ላይ ተንበረከከ፤ ጎርፉ ይዞት ከአንድ ሕንፃ ጀርባ ተሰወረ። መጨረሻውን አላየሁም፤ እስከ ዛሬም ዓይኔ ላይ የቀረው ያ መንበርከኩ ነው። በዚያ ጎርፍ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሺህ የሚቆጠሩ መኪኖች ጭቃ ጠጡ።

ከጭቃው ከወጡት አንዷ ይህች ነበረች። ነጭ ላንድክሩዘር፣ 80 የሚባለው ሞዴል፣ እ.ኤ.አ. የ1994 ሥሪት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር ቤንዚን። ውሃው እስከ መሪዋ ደርሶባታል። ባለቤቷ ጋሼ በመካኒክነት የሚሠሩበት ወርክሾፕ ጌታ ነው። ሊያያት አልፈለገም። «ካዳንካት ንዳት» ብሎ ለጋሼ ተዋት፤ ኢስቲማራዋ፣ የባለቤትነት ደብተሯ፣ በእሱው ስም እንዳለ።

አራት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ሠራናት። ቦታችን ዓዚዚያ፣ ከምንኖርበት ፎቅ ጀርባ ያለ ባዶ መሬት ነው። የጅዳው ዓዚዚያ የፓኪስታኖች ትምህርት ቤት ያለበት፣ የሱቅ ማስታወቂያው ከዐረብኛው ጎን በኡርዱ የሚጻፍበት፣ ማታ ማታ ከምድጃ በሚወጣ ቂጣ የሚሸት ሰፈር ነው። ከሞተሯ ውሃ የገባበትን ዘይት ሦስት ጊዜ ገለበጥን። የኤሌክትሪክ ሽቦዋን ክር በክር አድርቀን ቀጠልን። ወንበሮቿን ጣሪያ ላይ አሰጣን። አንድ ዓርብ ተነሣች፤ ጭሷ ነጭ ነበር፤ ጋሼ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት። የቀረው ከሥር ያለው ነበር። ጭቃው ከሞላው የታችኛው መቀመጫ ውስጥ ተቀምጦ፣ የቀይ ባሕርን እርጥበት እየጠጣ፣ ብረቱን በትንሽ በትንሹ ሲቦረቡር ኖሯል። ሞላ ቀለሙ ከተላጠና ዝገት ጉድጓድ ካበጀበት ከዚያችው ጉድጓድ ይሰነጠቃል። የእኛውም የተሰበረው ከታችኛው ጥምዝ፣ ዓይን ከማያየው ቦታ ነው።

«ሞላ» የሚለውን ቃል እስከዚያ ድረስ በግስነቱ ነበር የማስተምረው፤ ሞላ፣ ይሞላል፣ መሙላት። ጋሼ ግን በልጅነታቸው ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተላላኪ ሆነው የጀመሩ ናቸው፤ ጊዜው ፊያት ኤንትሬ የአሰብን መንገድ የሚገዛበት ነው። የዚያ ጋራዥ ቋንቋ ጣሊያን ትቶት የሄደው ነበር፤ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቦኮላ፣ ካቻቪቴ። ባሌስትራ የመኪና ዕቃ ከመሆኑ በፊት በጣሊያንኛ የቀስት ስም ነበር። በር ለበር የምንኖረው ፓኪስታናዊ ኡስታድ ደግሞ ያንኑ ዕቃ «ከማኒ» ይለዋል፤ «ከማን» በቋንቋው ቀስት ነው። የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች ሸክም ሊችል የጎበጠውን ብረት አይተው የተወጠረ ቀስት መሰላቸው። የጅዳ ሰዎች ሞላውን «ያይ» ይሉታል። አሞርዛቶሩ «ሙሳዒድ» ነው፤ ረዳት እንደማለት። ክሪኩ «ዐፍሪታ» ነው፤ ሴቷ ጂን። ያቺ ባዶ መሬት ላይ አራት ቋንቋ ይነገር ነበር፤ ግን አንድ መፍቻ ሲጠየቅ የተሳሳተ መፍቻ ይዞ የመጣ ሰው አላስታውስም።

ሦስተኛችን ልጁ ነው። ሁላችንም «ልጁ» ነበር የምንለው። የባቲ ልጅ ነው፤ በጀልባ የመን ገብቶ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ የመጣ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። ሌሊት መኪና ያጥባል፣ ቀን ይተኛል፣ ዓርብ ከእኛ ጋር ነው። እጁ ለብረት የተሠራ ነበር። ጋሼ አንድ ነገር አንዴ ካሳዩት ሁለተኛ አይጠይቅም።

መጋቢት 2005 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሳዑዲ መንግሥት ወረቀት የሌለው ሁሉ ሁኔታውን እንዲያስተካክል ወይም ያለ ቅጣት እንዲወጣ ምሕረት አወጀ። ቀነ ገደቡ አንዴ ከተራዘመ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. ሆነ። ልጁ ከሚያዝያ ጀምሮ ሲወላውል ከረመ። የደላላውን ዕዳ ከፍሎ ከጨረሰ ዓመት ቢሆነው ነው። መካ ዓዚዚያ ውስጥ የሐጃጆችን ማረፊያ የምታጸዳ ታናሽ እኅት አለችው። እሷን ጥሎ አይሄድም፤ ይዟት ቢሄድ ደግሞ በእጁ የሚገባው ነገር የለም።

ሞላውን ለመግዛት ከጋሼ ጋር የሄድኩት በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ታሽሊህ ዞርነው። ታሽሊህ የሞቱ መኪኖች ተፈትተው የሚሸጡበት ሰፊ ሜዳ ነው። ያየነው ሞላ ሁሉ ወይ የዛገ ወይ ያጠረ ሆነ። ከዚያ አዲስ የሚሸጥ ሱቅ ገባን። ባለ ሱቁ ወፍራሙን አቀረበ። «ይህ ጠንካራ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚወስደው ይህን ነው» አለ። ጋሼ ካሊፐር አውጥተው የብረቱን ውፍረት ለኩና መለሱለት። ቀጭኑን አነሡ። መንገድ ላይ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«ሞላ ለሚሸከመው ሸክም ይመረጣል። ፊት ለፊቷ ላይ ያለው ሞተሯና አንድ መከላከያ ብረት ነው። ወፍራሙን ብሰጣት ድንጋይ በረገጠች ቁጥር ድንጋዩን ለእኛ ታቀብለናለች።»

ይህን በኋላ ከመጽሐፍ አገኘሁት። ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ አለ፤ ሞላ የሚሸሸው በተጫነበት ልክ ነው፤ ሸክሙ እጥፍ ሲሆን መሸሹም እጥፍ ይሆናል። ስንት ሸክም ስንት እንደሚያሸሸው የሚወስነው ደግሞ ከሁሉ በላይ የብረቱ ውፍረት ነው። የጥምዙ ስፋትና ቁጥር ሳይለወጥ ብረቱ በአንድ አሥረኛ ብቻ ቢወፍር ጥንካሬው በግማሽ ሊጠጋ ያድጋል። ዓይን የማይለየውን ልዩነት ወገብ ይለየዋል። ጋሼ ሁክን አያውቁትም፤ ካሊፐሩን ግን ያለ ምክንያት አልያዙትም።

ሥራው ዓርብ ጥቅምት 15 ቀን ሆነ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጀመርን፤ ፀሐይ ሳትበረታ ከባዱን ልንጨርስ። የኋላ ጎማዎቹን በብሎኬት ደገፍን። ጋሼ መጀመሪያ ያዘዙት የጎማ ዳዶዎቹን እንድናላላ ነው፤ መኪናዋ ገና መሬት ላይ እያለች። ልጁ ክሪኩን ይዞ ተጠግቶ ነበርና ቆመ።

«ከተነሣች በኋላ ጎማው አብሮህ ይዞራል» አሉት። «መሬት የያዘውን ነው የምታላላው።»

አንድ አንድ ዙር አላላናቸው። ከዚያ አነሣናት። ሻንሲዋን በሁለት የብረት እግሮች ላይ አሳረፍን፤ ሌላውን ክሪክ ከአክስሉ ሥር አደረግን። ጎማዎቹ ወረዱ። ግራና ቀኙን የሚያያይዘውን የሚዛን ዘንግ፣ ቀጥሎም አሞርዛቶሮቹን ከታች ፈታን። የ80 ፊት አንድ ወጥ አክስል ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 60 በባሌስትራ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ባሌስትራ ሸክሙንም ይችላል፣ አክስሉንም በቦታው ይይዛል። ሞላ ግን መሸከም ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አክስሉ ወደፊትም ወደ ጎንም እንዳይሸሽ አያግድም። ስለዚህ ከሻንሲው ሁለት ረጃጅም ክንዶች መጥተው አክስሉን ከፊትና ከኋላ ይይዙታል፤ አንድ አግዳሚ ዘንግ ደግሞ ወደ ጎን እንዳይሄድ ያስረዋል። በእነዚህ ሁሉ መጋጠሚያ ውስጥ ቦኮላ አለ፤ በሁለት የብረት ቀለበት መካከል የተጣበቀ ጎማ።

የአግዳሚውን ዘንግ ቡሎን ከአክስሉ በኩል ፈታን። ጋሼ ክሪኩን ቀስ በቀስ አወረዱ። ልጁ የፍሬኑን ቱቦ በእጁ ይዞ «በቃ፣ ሊወጠር ነው» ሲል ቆሙ፤ ማሰሪያውን ፈትተው ቱቦው እንዲላላ አደረጉና እንደገና አወረዱ። አክስሉ ወረደ። የግራው ሞላ ያለ ትግል ወጣ። የተሰበረው ጫፍ ለብቻው ከመቀመጫው ውስጥ ቀርቶ ነበርና ልጁ በካቻቪቴ ቆፍሮ አወጣው፤ የቀለበት ግማሽ የሚያክል ቁራጭ። ካርቶኑ ላይ አስቀመጠው። አዲሱን ከጎኑ አቆምነው፤ አሮጌው ከሱ አራት ጣት ያጥራል።

መቀመጫውን በብረት ብሩሽ ፋቅነው። አራት ዓመት የተኛው ጭቃ እንደ ዱቄት ወረደ። ዝገት መከላከያ ቀባን፤ የላይኛውን ጎማ በአዲስ ለወጥን። ሞላ ሲገባ ጭራው ታች መቀመጫው ላይ ካለችው እርከን ጋር መግጠም አለበት፤ አለዚያ ሸክም ሲመጣ ዞሮ ቦታውን ይፈልጋል፣ ሲዞርም ይጮኻል። ልጁ ሁለቱንም አስገባ። ጣቱን ከታች ከቶ እርከኗን ዳሰሰና በራሱ ነቀነቀ። ጋሼ አላጣሩትም። ለልጁ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልነበረም።

የጁምዓ አዛን ሲሰማ ታጥበን ሄድን። ስንመለስ ፀሐይዋ መሬቱን አንድዳው ነበር፤ ኡስታድ ከበረንዳው የፕላስቲክ ሸራ አምጥቶ ዘረጋልን። አሞርዛቶሮቹን መለስን፣ የሚዛኑን ዘንግ ሰቀልን። ከክንዶቹም በኩል ያረጁ ቦኮላዎች ለውጠን ነበርና ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አስገባን። እኔ መፍቻው ላይ ቱቦ አጥልቄ የመጀመሪያውን ላጠብቅ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«በእጅህ ብቻ አስይዘው። በአየር ላይ ነች።»

ምን እንደሆነ አልገባኝም። አሮጌውን ቦኮላ አንሥተው ወደ ፀሐይ ያዙት። ጎማው ዙሪያውን ተቀዷል።

«ይኸው። የውስጡን ቀለበት ቡሎኑ ይይዘዋል፤ የውጪውን ክንዱ። ተንጠልጥላ እያለች ካጠበቅኸው ጎማው ያንን ዕረፍቱ ያደርገዋል። ስታወርዳት ይጠመዘዛል። ቆማ እያለች እንኳ፣ ሌሊት ማንም ሳይነዳት፣ እንደተጠመዘዘ ያድራል። በዓመቱ ይቀደዳል። መሬት ትርገጥ፣ ክብደቷን ትያዝ፤ ከዚያ በኋላ አጥብቅ። ቡሎን ይጠብቃል።»

የመጨረሻው ቃል ጆሮዬን ያዘኝ። ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ጠብቀውና ላልተው የሚነበቡ ቃላትን ሳስተምር «ገና» እና «ዋና» ለመጀመሪያ ክፍል ነበሩ፤ ለትልልቆቹ «ይጠብቃል» ነበር የምሰጣቸው። «ብ» ላልቶ ሲነበብ ጥብቅ መሆን ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ መታገሥ ነው። ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፤ የሚጠብቀው ሲላላ፣ የሚታገሠው ሲጠብቅ። ወደ ኃላፊ ጊዜ ስትመልሰው ደግሞ «ጠበቀ» ይሆናል፤ ያኔ ሁለቱን በድምፅ መለየት አይቻልም። ጋሼን የትኛውን እንዳሉ ልጠይቃቸው አልኩ። ሰውነታቸው እስከ ወገብ ከመኪናዋ ሥር ነበር፤ ተውኩት።

ልጁ ግን ቦኮላውን ከእጃቸው ተቀብሎ እያገላበጠ ቆየ። ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ። ባቲ ላይ በታላቅ ወንድሙ ስም ቦታ ገዝቷል፤ በስልክ። ልጅ አጭቷል፤ በስልክ። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል ይሉታል፣ ፎቶ ልከውለታል፤ ፎቶው ላይ ያለው ግድግዳ የሱ ይሁን የጎረቤት አያውቅም። «ጋሼ፣ ሁሉን አጥብቄአለሁ» አለ። «እኔ ግን እዚህ ነኝ።»

ጋሼ ከሥር ወጥተው ተቀመጡ። ላባቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ከመለሱለት በፊት ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«የኔ ቦኮላ በአየር ላይ የጠበቀ ነው ልጄ። 26 ዓመት። ሦስት ልጆች ድሬአለሁ፣ አንድም ሠርግ ላይ አልቆምኩም። ስሄድ ይፈሩኛል፤ እኔም እፈራቸዋለሁ። ወር ቆይቼ እመለሳለሁ፤ ተጠምዝዤ ሄጄ ተጠምዝዤ እመለሳለሁ። አንተ ገና ቡሎንህ በእጅ ነው የተያዘው።»

ሂድም አላሉት፣ ቅርም አላሉት። ተነሥተው ክሪኩን ያዙ።

አወረድናት። አራቱም ጎማዎች መሬት ነኩ። የመከላከያውን ብረት ይዘን ሁለታችንም ደጋግመን አናወጥናት፤ ሞላዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ። የአግዳሚው ዘንግ ቀዳዳ ከአክስሉ ቀዳዳ ጋር አልገጠመም፤ መኪናዋ ከፍ ስላለች አክስሉ በጣት ግማሽ ያህል ወደ ጎን ሄዷል። ዘንጉን በመዶሻ መምታት ጀምሬ ነበር። ጋሼ ወደ መሪው ላኩኝ። «ወደ ግራ፣ ቀስ… ቀስ… ቁም።» ጎማዎቹ መሬት ይዘው ስለነበር መሪው ሲዞር ሰውነቷ ወደ ጎን ተሳበ። ቡሎኑ በልጁ እጅ፣ ያለ መዶሻ፣ ገባ።

ከዚያ አጠበቅን። ጋሼ እኔንና ኡስታድን ከፊት ወንበር አስቀምጠው፣ ክብደቷን ይዛ ሳለች፣ ልጁን ከሥር አስገቡት። ቱቦው መፍቻው ላይ ሲረዝም፣ ብረት ብረትን ሲነክስ የሚሰማው ያ አጭር ጩኸት በወንበሩ በኩል ይሰማኝ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሲጨርስ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነጭ ቀለም ነክሮ ከእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ጀምሮ እስከ ብረቱ ቀጭን መስመር ሠራ። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይዛነፋል። ጋሼ ሜትራቸውን አወጡ። በቀኝ 54፣ በግራ 54።

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ጥቅምት 22፣ ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጁ እኅቱን እናምጣ አለ። ወስኗል ማለት ነው። ጋሼም እኔም አልጠየቅነውም። ጧት ተነሣን። ከጅዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ ድረስ በዝግታ ከሰፈር ሰፈር ብቻ የነዳናት መኪና አውራ ጎዳናውን ያዘች። ከጉብታ ስትወርድ አንዴ ጎንበስ ብላ ቀና ትላለች፤ ሁለተኛ አትወዛወዝም። ከመታጠፊያ በኋላ ግን መሪዋ በራሱ ለመመለስ ይሰንፋል። ፊቷ ከፍ ሲል የፊት ጎማዎቿ የሚዞሩበት ዘንግ ወደ ኋላ ዘንበል ማለቱ ስለሚቀንስ ነው፤ ኡስታድ በኋላ በልዩ ቦኮላ አስተካከለው። ጋሼ ከጎኔ ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የቁርኣን ማስቀመጫ ረሕል መስሎ ከጎዳናው በላይ የተዘረጋውን በር ስናልፍ ልጁ ከኋላ በዝግታ ቢስሚላህ አለ።

የመካው ዓዚዚያ በሐረሙና በሚና መካከል ያለ ሰፈር ነው። በሐጅ ሰሞን መሬት አይታይበትም፤ በዚያ ዓመት ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሐጃጅ ነበር የመጣው። እኛ ስንደርስ ግን ከዒድ ሁለት ሳምንት አልፎ ሰፈሩ ባዶ ሆኗል። ከየሕንፃው ደጃፍ ስፖንጅ ፍራሽ እንደ ክምር ተደርድሯል። አንዱ ክምር አጠገብ አንዲት ቀጭን ልጅ በሁለት ሻንጣና በአንድ ብርድ ልብስ መካከል ቆማለች። ወንድሟን ካየችው ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ባሕር አብረው የተሻገሩ ልጆች በ80 ኪሎ ሜትር ተለያይተው ኖረዋል፤ መንገዱ ላይ ኬላ ነበረና። ተቃቀፉ። እኛ ፊታችንን አዞርን።

ሻንጣዎቹን ጫንን። ጋሼ ከመነሣታችን በፊት ሜትራቸውን አውጥተው ጎዳናው ላይ ተንበረከኩ። በቀኝ 53፣ በግራ 53። «እኩል ተሸከመች» አሉ።

ስንመለስ የመምህርነቴ ነገር መጣብኝ። ከጅዳ በስተደቡብ ሹዐይባ የምትባል የጥንት ወደብ እንዳለች ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ615 ግድም መካ ላይ የተሳደዱት የነቢዩ ተከታዮች ከዚያች ወደብ በጀልባ ተነሥተው ወደ ሐበሻ ነጃሺ እንደ መጡ። ልጅቱ ይህን ታሪክ በመድረሳ ታውቀዋለች፤ ወደቧን ግን አታውቃትም ነበር። «በዚህ በኩል ነው የሄዱት?» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቆይታ «እነሱን የተቀበለ አገር እኛን አይመልሰንም» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጥቅምት 25 ፍተሻው ተጀመረ። ከሪያድ፣ ከመንፉሃ ሰፈር የሚመጣው ወሬ ስልካችንን ለማንሣት የሚያስፈራ ነበር። ዓዚዚያ ውስጥ በሮች ቀን ቀን ተዘግተው ይውሉ ጀመር። ኡስታድ ለጋሼና ለእኔ ዳቦ ገዝቶ በር ላይ ያስቀምጥልን ነበር፤ እኛ ወረቀት ቢኖረንም። በዚያ ዘመቻ ወደ አገር ቤት የተመለሰው ኢትዮጵያዊ ከ160 ሺህ በላይ ሆነ። ልጁና እኅቱ ከነዚያ መካከል ናቸው። በኅዳር ሌሊት ወጡ። እጁ ላይ የተሸከመው ሻንጣ አንድ ነበር። ከመሄዱ በፊት ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ነጫጭ መስመሮቹን በባትሪ አየ።

«500 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ እንደገና ይታያሉ» አለኝ። «የአግዳሚውን ዘንግ አደራ። ቀኝ በኩል ያለችውን።»

500 ኪሎ ሜትሩ በታኅሣሥ ሞላ። ጋሼ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር ብቻዬን ገባሁ። አራት ዓመት ዕቃ ሳቀብል የኖርኩ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ መፍቻ ያዝኩ። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ብለዋል፤ ከአንዷ በቀር። ቀኝ በኩል ያለችው ዳዶ በፀጉር ስፋት ተዛንፋለች። መኪናዋ አራቱንም ጎማ መሬት ላይ አሳርፋለች። ቱቦውን አጥልቄ ሳብኩ፤ ሩብ ዙር ያህል ሄዳ ነከሰች። አሮጌውን መስመር በቤንዚን ጠርጌ በክብሪት እንጨት አዲስ ሠራሁ።

ያን ሰሞን አንድ ሰኞ ስልኬ ጮኸ፤ ከአገር ቤት ነው። ከድምፁ በፊት የባቲ የሰኞ ገበያ ጫጫታ፣ የግመልና የሰው ድምፅ ነበር የሰማሁት። ልጁ ነው። ግድግዳው የሱ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሩ ግን አልተገጠመለትም። ልጅቱን ፊት ለፊት አይቷታል፤ ሁለቱም ተፋፍረዋል፤ እንደ አዲስ ሊጠይቃት ነው። ሥራ የለውም። ኮምቦልቻ ወርዶ ጋራዥ ሊጠይቅ አስቧል፤ ጋሼ የሚያውቁት ሰው ካለ ብሎ። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው የአንድ ሽማግሌ መካኒክ አድራሻ ነገሩት። መልሰው ሲሰጡኝ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

ልጁ ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ቡሎኗስ?» አለ። «ያቺ የቀኟ።»

«ጠበቀች» አልኩት።